ያመጣ ይቀምሳል

አባዬ ተፈታ! ወላሂ እስካሁን አላመንሁም። ትናንት ከማቆያው በር እስከ ቤታችን እጁን ይዤ ስመጣ፣ መርሳ ውስጥ የማውቀውንም የማላውቀውንም ሰው «አባዬ ተፈታ!» እያልሁ አስቸገርሁ። አንድ ባለባጃጅ «ሰማን እኮ እታለም፣ አሁን መንገድ ልቀቂልን» አለኝ። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ደስታው አላስቀምጥ ቢለኝ ነው። ስለ ደስታዬ ልጽፍ ተቀምጬ ግን እጄ ወደዚያ በር ሄደ።

አባዬ ወፍጮ ቤት አለው። ከተማችን በተያዘች ጊዜ ታጣቂዎች እህል አምጥተው «ፍጭ» አሉት፤ ፈጨ። ጠመንጃ የያዘን ሰው እንቢ ይሉታል እንዴ? እነሱ ወጥተው የእኛዎቹ ሲመለሱ «ለእነሱ ፈጭተሃል» ተብሎ ታሰረ። ማቆያው ወደ ውርጌሳ መውጫ ያለ የቆርቆሮ መጋዘን ነው፤ ምግብ የለውም፤ ስንቅ የሚገባው ከየቤቱ ነው። አባዬ ደግሞ ስኳር አለበት። ምሳው ከዘገየ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አንደበቱ ይተሳሰራል።

የበሩን ጠባቂ ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ እናውቀዋለን። ያኔ ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ የእስረኛ በር ከመክፈትና ከመዝጋት ሌላ ሥራ አልነበረውም፤ ምን ብትጠይቁት «ኃላፊውን ጠይቁ» ነበር መልሱ። አንድ ቀን ግን ኃላፊው ወጥቶ ለተሰለፍነው ሁሉ አነበበልን፦ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መሠረት ከእንግዲህ ጠባቂዎቹ ጠያቂን መፈተሽ፣ ዕቃ መያዝ፣ የጠረጠሩትንም ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማሰር ይችላሉ። ጠባቂው ከጎኑ ቆሞ ቀበቶውን ሲያጠብቅ አየሁት። እናቴ አቤት ልትል ወልድያ ዞን ጽሕፈት ቤት ድረስ በሚኒባስ ሄዳ ነበር፤ «ሥልጣኑ የጠባቂዎቹ ነው፤ እዚያው ጨርሱ» ብለው መለሷት።

እስረኛ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው ይህን አያጣውም፦ ስንቅ ያመጣ በጠባቂው ፊት ከምግቡ ይቀምሳል፤ መርዝ እንዳይገባ ነው። ለወትሮው ምንም አይደለም። የዚያን ቀን ግን እናቴን አሟት ምሳውን እኔ ይዤ ሄድሁ፤ እኔ ደግሞ ጾመኛ ነበርሁ። ባለፈው ረመዳን ያመለጡኝን ቀናት እየከፈልሁ ነበር።

«ቅመሺ» አለኝ።

«ጋሼ፣ ጾመኛ ነኝ።»

«የምን ጾም? ረመዳን ካለፈ ስንት ጊዜው!»

«ቀዷ ነው፤ ያመለጠኝን...»

«ለምን አመለጠሽ?»

ያ ሁሉ ወንድ በተሰለፈበት ምን ልበል? ሴት የሆነች ሁሉ ለምን እንዳመለጠኝ ታውቃለች። ፊቴ እሳት ሆነ። ከኋላዬ አንዲት ክርስቲያን እናት ነበሩ፤ ልጃቸው ከአባዬ ጋር ታስሮባቸዋል።

«አንተ! እህት የለህም?» አሉት። «አምጪው የኔ ልጅ፣ እኔ ልቅመስልሽ።»

«ያመጣ ነው የሚቀምሰው፣ እማማ። ደግሞ እርስዎንም ማሰር እንደምችል አይርሱ፤ ተፈቅዶልኛል።»

«እሰረኝ እንጂ! ከልጄ ጋር በአንድ ሳህን እበላለሁ፤ አንተም ከመመላለስ ትገላግለኛለህ።»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም። «ካልቀመሰች ይመለሳል» አለ፤ አለቀ።

ያኔ ከቆርቆሮው ጀርባ የአባዬ ድምፅ መጣ። «ልጄ፣ ጾምሽን እንዳትፈቺ! ይዘሽው ተመለሺ፤ እኔ አልራበኝም።» ቃላቱ ግን እየተንጠባጠቡ ነበር የሚወጡት።

አንዱ ቅመሺ፣ አንዱ አትቅመሺ። አንቺስ ምን ትያለሽ ያለኝ የለም። ክዳኑን ከፈትሁ፤ እንጀራ በምስር ወጥ ነበር። ቆረስሁና ዋጥሁ። «ከሥሩ» አለኝ፤ ከሥሩም ዋጥሁ። እንባዬ ወጡ ላይ እንዳይወርድ ፊቴን አዙሬ ጮህሁ፦ «ብላ አባዬ፣ ገብቶልሃል!» ምሳ ዕቃው ሲመለስልኝ ባዶ ነበር፤ አልሐምዱሊላህ።

ትናንት ያው ጠባቂ በሩን ከፍቶ አባዬንና ሁለት ሰዎችን «ውጡ» አላቸው። ዳኛ የለ፣ ወረቀት የለ። አባዬ ደፉ ላይ ቆመና ጠየቀው።

«ወንድሜ፣ ጥፋቴ ምን ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ በር ነው የምከፍት። ኃላፊውን ጠይቅ።»

አባዬ እጄን ይዞ መንገድ ጀመረ። ነገ መጥተው ቢወስዱት ለምን ብዬ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ይህን እያወቅሁም ደስ ብሎኛል፤ ምን ላድርግ?

የእኚያ እማማ ልጅ ግን አልወጣም። በሩ ሲዘጋ ምሳ ዕቃቸውን እንደያዙ ቆመው ነበር። አባዬን አቅፈው «እሰይ፣ እንኳን ለቤትህ አበቃህ» አሉት፤ ከዚያ ተመልሰው ሰልፋቸውን ያዙ።

እናቴ ሐሙስ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ዱዓ ታስደርጋለች፤ ስለ አባዬ ምስጋና፣ ስለ እማማ ልጅ ልመና። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሁላችንም ከአንድ ገበታ እንድንበላ ምግቡ ውስጥ ሥጋ አይገባም። «የምታውቂውን ሁሉ ጥሪ» ብላኛለች፤ ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ ተጠርታችኋል። ከወልድያም ከውርጌሳም መኪና ካገኛችሁ ኑ፤ ካጣችሁም ሐሙስ ቀን ባላችሁበት ሆናችሁ ለእማማ ልጅ አሚን በሉልን።