ላስቲኩ ያልወጣለት የአየር ማጣሪያ

ባለቤቴ ላስቲክ ማውለቅ አይወድም። ጆበርግ፣ ሮዘተንቪል የሚባል ሰፈር በተከራየነው ቤት ሶፋው ከነላስቲኩ፣ ፍሪጁ ከነላስቲኩ፣ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ሳይቀር ከነላስቲኩ ነበር የሚኖሩት። እንግዳ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሲነሳ የሚሰማውን ድምፅ እኔ ለምጄዋለሁ፤ እንግዳው ግን ያፍራል። ስጨቀጭቀው መልሱ አንድ ነው፤ «ላስቲኩ ከወጣ ዕቃው አረጀ ማለት ነው። ነገ ቢቸግረን ማን ይገዛዋል?» ነጋዴ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ጻካኔ የሚባል ሰፈር ውስጥ ብርድ ልብስና መጋረጃ ይሸጣል። ደንበኛ ብርድ ልብሱን ከላስቲኩ አውጥቶ ሊዳስስ ሲል የእሱ ልብ ቀጥ ትላለች።

ልጃችን ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። አስም አለባት። የጆበርግን ክረምት ከአገራችን ክረምት ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው፤ ዝናብ የለው፣ ጭቃ የለው፣ ደረቅ ብርድና አቧራ ነው። ጎረቤት ለማሞቂያ የሚያነደው ከሰል አለ። ከሰፈራችን ወዲያ ደግሞ ከድሮ የወርቅ ጉድጓዶች የወጣ አፈር ተከምሮ ቢጫ ኮረብታ ሠርቷል፤ ነሐሴ ላይ ነፋስ ሲነሳ ያ ኮረብታ ቤታችን ይገባል። በዚህ ላይ ኮሮና መጣ። ማሳል እንደ ወንጀል በሚታይበት በዚያ ጊዜ ልጄ ሱፐርማርኬት ሰልፍ ላይ አንድ ጊዜ ብታስል ከፊታችንም ከኋላችንም ሰው ጠፋ። ቶሎ ከፍለን ወጣን፤ እሷ ግን ምን እንዳጠፋች አልገባትም።

በዚያ ክረምት ማብቂያ ላይ ባለቤቴ የፈራሁትን ተናገረ።

«በረራ ሲከፈት ሆሳዕና እናቴ ጋ ትሂድ። እዚያ አየሩ ንጹህ ነው። እስክትጠና ብቻ።»

«እስክትጠና» የምትባለዋን ቃል አውቃታለሁ። እዚህ የምንኖረው በጥገኝነት ወረቀት ነው፤ መውጣት ይቻላል፣ መመለስ ግን የእግዜር ሥራ ነው። ልጁን ለጥቂት ጊዜ ብሎ አገር ቤት የላከ ሰው አውቃለሁ፤ ልጁ አሁን ጢም አብቅሏል፣ ከአባቱ ጋር የሚተዋወቁት በስልክ ነው። «እሷን ከምትልክ እኔን ላከኝ» አልኩትና ተኳረፍን። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ደረቷ ሲያፏጭ ከእኔ ቀድሞ ከአልጋ የሚወርደው እሱ ነው። ማየት አቅቶት ነው።

ያስታረቀችን የልጅቷ ሐኪም ናት። መኝታ ቤቷ ውስጥ የአየር ማጣሪያ ብታስገቡ ጥሩ ነው አለችን። ስንመለስ መኪና ውስጥ ተስማማን፤ ማሽኑን ገዝተን የሚቀጥለውን ክረምት እናያለን፣ ከተሻላት ትቀራለች፣ ካልተሻላት ትሄዳለች። ሽማግሌ መቀመጥ ሲገባው በእኔና በባሌ መሃል ማሽን ተቀመጠ።

ግዢው ራሱ አንድ ትርዒት ነበር። ባለቤቴ ሱቁ እንደገባ ዓይኑ ያረፈው በየቀለሙ እያበራ ጥሩ ሽታ ያለው ጭጋግ በሚተፋ ነገር ላይ ነው። ሻጯ ወጣት ሴት ናት፤ ማስኳን አስተካክላ፣ ያኛው ሽታ ይጨምራል እንጂ አቧራ አይቀንስም፣ እናንተ የምትፈልጉት ወፍራም ፊልተር ያለውን ነው አለችን። ከዚያ የክፍሉን ስፋት ጠየቀች። ባለቤቴ መጋረጃ በክንዱ ለክቶ መሸጥ የለመደ ሰው ነውና ኮራ ብሎ «ሰባት ክንድ በስድስት» አላት። ሻጯ ግራ ገባት። መጨረሻ ላይ ሜትር አመጣች፤ መጠጋት ስለማይፈቀድ ራቅ ብላ ቆመች፣ እኔ የባሌን ክንድ ለክቼ ቁጥሩን ጮክ ብዬ ነገርኳት። አስልታ ለክፍሉ የሚበቃውን መረጠችልን። አየሩ ሲቆሽሽ ቀይ፣ ሲጠራ ሰማያዊ መብራት ያበራል፤ የውጪውን ወንፊት በየሳምንቱ በብሩሽ ጥረጉት፣ የውስጡን ፊልተር ግን ውኃ እንዳታስነኩት፣ ጊዜው ሲደርስ ሌላ መብራት ይነግራችኋል አለችን።

ቤት ስንደርስ ማሽኑን የከፈተው እሱ ነው። ከኋላ ያለውን ክዳን አንስቶ ወደ ውስጥ አየና ተደሰተ።

«አስተሻሸጋቸውን እይልኝ እስቲ» አለ። «ፊልተሩን በላስቲክ ጠቅልለውታል። አቧራ እንዳይነካው ነው።»

እኔም አየሁ። ልክ ነው፣ በደንብ ታሽጓል አልኩ። ክዳኑን መለሰው፤ የመመሪያውን መጽሐፍም ከነላስቲኩ መሳቢያ ውስጥ አኖረው። በሶፋው ምክንያት ስንት ዓመት የተጨቃጨቅኩ ሴትዮ፣ አቧራ ሊይዝ የተገዛ ነገር አቧራ እንዳይነካው መጠቅለሉ ምንም አልከበደኝም።

ማሽኑ ጥቅምት ላይ ሥራ ጀመረ። ጥቅምት ደግሞ እዚህ ዝናብ የሚገባበት ወር ነው፤ ዝናቡ የኮረብታውን አቧራ አስተኛው፣ ከሰሉም ጠፋ፣ ልጅቷም ተሻላት። ምስጋናውን የወሰደው ማሽኑ ነው። ባለቤቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ መኝታ ቤቷ እየወሰደ «እስቲ ተንፍስ» ይላል፤ እንግዳውም ይሉኝታ ይዞት በረጅሙ ስቦ «ወይ ጉድ፣ ልዩነት አለው» ይላል። እኔ ራሴ ራስ ምታቴ እንደለቀቀኝ ለጓደኞቼ አውርቻለሁ። ሽንኩርት ሳቁላላ ማሽኑ ይቀላል፣ እንደቀላም ያመሻል። «እየታገለ ነው» ይላል ባለቤቴ በኩራት።

ግንቦት ሲገባ ብርዱ ተመለሰ፤ ሳሉም ከነጓዙ ተመለሰ። ማሽኑ ቀን ከሌት እየጮኸ ልጄ ደረቷ ያፏጫል። የአስም ፓምፗን እየሳበች አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች። ሐምሌ ላይ ወደ አገር የምትገባ ጎረቤት ነበረችን፤ ይዣት እሄዳለሁ አለች። ባለቤቴ አልተከራከረኝም፤ ብቻ አየኝ። ውላችንን የፈረምኩት እኔም ነኝ። ልብሷን ማጣጠፍ ጀመርኩ። ለሆሳዕና ብርድ የሚሆነውን ሹራብ ስመርጥ በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ሥራ አላስታውስም።

በዚያው ሰሞን የፊልተሩ መብራት በራ። ባለቤቴ ለማይረባ ማሽን ሌላ ፊልተር አልገዛም አለ። ባይሆን እንየው አልኩት። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ልጅቷም አጠገባችን ነች። ክዳኑን ከፍቶ ፊልተሩን ሳበና ወደ መስኮቱ ያዘው።

«ነጭ ነው» አለ። «ምንም አልቆሸሸም። እንግዲህ የቤታችን አየር ንጹህ ነው ማለት ነው። ታዲያ ልጅቷ ለምን ታስላለች?»

በጣቴ ነካ አደረግኩት። ተንኮሻኮሸ።

 መጀመሪያ የገባው ለልጅቷ ነው።

«አባዬ» አለች፣ «ዘ ማሽን ዋዝ ዌሪንግ ኤ ማስክ። ለራሱ ማስክ አድርጎ ነበር።»

ልቆጣ አፌን ከፈትኩና ሳቅ ወጣ። ያ ሁሉ እንግዳ በረጅሙ የሳበው አየር፣ የለቀቀኝ ራስ ምታት፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝና ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ግን አልሳቀም። ላስቲኩን ቀደደው። ዓይኔ እያየ፣ በጥርሱ ጀምሮ በእጁ ጨረሰው። ፊልተሩን መልሶ ሲከተው የማሽኑ ድምፅ ተለወጠ፤ እስከዚያ በከንቱ ሲጮህ የከረመ ማሽን አየር መሳብ ጀመረ። ደስታ የያዘኝ ያኔ ነው። ማሽኑ አልተሸነፈም፤ ገና አልጀመረም ነበር። ልጄ የምትሄደው ያልሞከርነውን ነገር ሞክረናል ብለን ነበር።

ባለቤቴ ግን በእጁ ሳይነካ የማያምን ነጋዴ ነው። ወጥ ቤት ገብቶ ሽንኩርት በበርበሬ አቁላላና በሩን ከፈተው። ማሽኑ ቀላ። ሦስታችን አልጋው ላይ ተደርድረን ጠበቅን። መብራቱ ሰማያዊ ሲሆን ልጅቷ አጨበጨበች፤ እሱ ተነስቶ ሌላ ሽንኩርት ከተፈ። በዚያ ሳምንት ቤታችን ወጥ በወጥ ሆነ፤ ጎረቤቶች ምን ድግስ አላችሁ እያሉ ጠየቁን። ለጎረቤታችን ትኬት እንዳትቆርጥላት ነገራት። ለእኔ ግን «የነሐሴን ነፋስ እንይ» አለኝ፤ ገና ቁርጥ አልነበረም።

ነሐሴ መጣ፣ ኮረብታውም ተነሳ። መስኮት ዘግተን፣ ወንፊቱን በየቅዳሜው እየጠረግኩ፣ ጆሮዬን የልጄ ደረት ላይ አድርጌ ከረምኩ። ታስል ነበር፤ ማፏጨቱ ግን እየራቀ ሄደ። ፓምፑን ከቦርሳዋ ፈልገን የምናጣበት ቀን መጣ። ማለዳ ስነሳ ተኝታ የማገኛት ልጅ ሆነች። ያን ሰሞን እየዘፈንኩ ዕቃ አጥብ ነበር፤ ድምፄ እንደማያምር አውቃለሁ።

ለእንቁጣጣሽ ቤት አጽድተን አዲስ ልብስ ከለበስን በኋላ ባለቤቴ ፊልተሩን ለመቀየር አወጣው። ግራጫ ብቻ አይደለም፤ እጥፋቱ ሁሉ ጠቁሮ፣ ጠርዙ ላይ የኮረብታው ቢጫ አፈር ተጋግሯል። አገላብጦ አየው።

«ይህ ሁሉ ደረቷ ሊገባ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

ከዚያ ስልኩን አንስቶ ድምፁን ከፍ አደረገና እናቱ ጋ ደወለ። ከእናቱ ጋር የሚያወሩት በሀዲይኛ ነው፤ የዚያን ቀን ግን እኔና ልጃችን እንድንሰማ በአማርኛ ጀመረ።

«እማዬ፣ እንኳን አደረሰሽ። ልጅቷ አትመጣም። እዚሁ ከእኛ ጋር ትተነፍሳለች።»



«እሰይ፣ እሰይ» አሉ እናቱ። «ታዲያ ምን ያስለቅስሃል ልጄ?»

ዞር ብዬ አየሁት። የቆሸሸውን ፊልተር ደረቱ ላይ አቅፎ፣ አዲሱን ነጭ ሸሚዙን በአቧራ አጥቁሮት ቆሟል።