አብሽ የበላው ጅኒ

ድሮ መጋዘናችን የነበረበት ቦታ ላይ አሁን ፎቅ ቆሟል። ምድር ቤቱ ውስጥ ሞባይል የሚሸጡት ልጆች ስለ ቦታው ሲያወሩ እሰማለሁ። «እዚህ ጋ ጅኒ ነበር አሉ፤ አንድ ትልቅ ደብተራ ከጎጃም መጥቶ ድግምት ደግሞ አባረረው» ይላሉ። ምንም ደብተራ አልመጣም። ጅኒውን ያባረረው አብሽ ነው፤ አብሹን የገዛሁትም እኔ ነኝ። ይህን ስነግራቸው «እሺ ጋሼ» ብለው ይስቃሉ። ስለዚህ ልጽፈው ተቀመጥኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የተማርኩት የለም። መስመሬ ቢንጋደድም ነገሬ አይንጋደድም።

የወታደሩ መንግሥት ወድቆ አዲሱ በገባ ሰሞን ነው። እህል በረንዳ ተሸካሚ ነበርኩ። የምሠራበት መጋዘን ዙሪያው ቆርቆሮ ሆኖ ጀርባውን ለበርበሬ ተራ የሰጠ አሮጌ ቤት ነበር። ባለቤቱ ሀጂ የምንላቸው የጤፍ ነጋዴ ናቸው፤ ትንሽ ተናግረው ብዙ የሚያዳምጡ ሰው።

መጋዘኑ ውስጥ በስተጀርባ አንድ ጥግ አለ፤ «የሟቹ ጥግ» ይባላል። በጃንሆይ ጊዜ ሁለት ሸሪኮች ነበሩ አሉ። አንደኛው ሌላውን በሚዛን ብረት ናላውን ብሎ ገደለው፤ እዚያው ጥግ ቀበረውና ጤፍ ከምሮበት በላዩ ሲሸጥ ከረመ። ኋላ ተይዞ ተሰቀለ። ሟቹ ግን ከንብረቱ አልወጣም፤ እስከ ዛሬ እህሉን ይጠብቃል ተባለ። ስለዚህ መኪና እህል ባራገፈ ቁጥር ከመጀመሪያው ጆንያ አንድ እፍኝ እየዘገንን ወደ ጥጉ እንወረውራለን። «እንካ ድርሻህን!» እንላለን። እዚያ ጥግ አይቆምም፤ አይጠረግም።

እኔም እወረውር ነበር። ግን ነገር ካልገባኝ አልተውም፤ ይህ የቆየ አመሌ ነው። ዘበኛውን ስጠይቀው ገዳዩ ዓረብ ነው አለኝ። ሚዛን የሚመዝነውን ስጠይቀው ደግሞ ግሪክ ነው አለ። ሌላው ጭራሽ የሞተችው ሴት ናት ብሎ ማለ። «አንድ ሬሳ ለስንት ሰው ይሞታል?» ብላቸው ተቆጡኝ።

አንድ ክረምት ከጥጉ አጠገብ ያሉት የታች ጆንያዎች መጉደል ጀመሩ። አፋቸው እንደተሰፋ ነው፤ ጎናቸው ግን ጥርስ እንደሌለው ሽማግሌ ጉንጭ ጎድጉዷል። ሟቹ ራበው ተባለ። ከጥጉ ቆርቆሮ ወዲያ ማዶ ሱቅ ያለው በርበሬ ነጋዴ በየቀኑ ብቅ እያለ ያሾፍብናል።

«አይ እናንተ! ለመጋዘን ሙሉ ባለቤት አንድ እፍኝ? እኔም ብሆን ጆንያውን እቀድ ነበር!»

ሁሉም ይስቃል። ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። የሟቹን ታሪክ እንደሱ አሳምሮ የሚያወራ አልነበረም፤ ሲያወራ ጸጉር ያቆማል።

እህሉን የምታበጥርልን አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ የአገሬ ልጅ ናት። የምትኖረው በሰፌዷ ነው፤ ከእህል በረንዳ ብትወጣ እሷም ልጆቿም መግቢያ የላቸውም። ያቺን ጥግ የማትፈራ እሷ ብቻ ነበረች። «የሞተ ሰው ምን ያደርገኛል? በቁሙ ያለው ነው እንጂ!» እያለች እስከ አፋፉ ትጠርጋለች። ይኸው ድፍረቷ ጠላት ሆነባት። ከሟቹ ጋር ተወዳጅታለች፤ እሱ ይሰጣታል፤ እሷ በቀሚሷ ታወጣለች ተባለ።

በመጨረሻ ተሸካሚዎቹ አውጫጭኝ ይደረግ አሉ። አብዛኞቻችን ከገጠር የመጣን ስለሆንን የአገራችንን ሥርዓት መርካቶ ይዘነው ገብተናል። ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይታገዳል፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየተነሳ ለዳኛው ጆሮ ያወቀውን ያንሾካሽካል። ከማን ሰማህ አይባልም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ካለ አለቀ። ሀጂን ዳኛ አደረግናቸው። የበርበሬ ነጋዴውም ጎረቤት ነኝ ብሎ ተቀመጠ። ሁሉም አንሾካሽኮ ሲጨርስ ሀጂ ወደ ሴትየዋ ዞሩ።

«ወፏ ያንቺን ስም ጠራች» አሏት።

ሴትየዋ ሰፌዷን መሬት ላይ አስቀምጣ ተነሳች። «ወፏ ትምጣና ፊት ለፊቴ ትናገር!»

«ጥጉ ላይ ቆመሽ ማይና ይለቅሻል» አለ አንዱ።

«ሰርቄ ነው የምምለው? አልምልም! የሌባ መሐላ ለሌባ!»

ጉርምርምታ ተነሳ። ሀጂ እጃቸውን አነሱ። «እስከሚመጣው ጁምዓ እንታገሥ። ከሶላት በኋላ ወይ ትምላለች ወይ ከዚህ ትወጣለች» ብለው በተኑን።

እኔ የሄድኩት ወደ ቤቴ አይደለም፤ ወደ ጥጉ ነው። ከሩቅ ሆኜ አየሁት። እዚያ ጥግ ስንት ዓመት እህል ወርውረናል! ተራራ መሆን ነበረበት። መሬቱ ግን የተላሰ ሰሃን ይመስላል። አይጥ ቢበላው ገለባውን ይተዋል፤ ጅኒ ቢበላው... ጅኒ ጥሬ ጤፍ ይቆረጥማል እንዴ? ይህ አልዋጥ አለኝ።

ሀጂን ለብቻቸው አገኘኋቸው። «ሀጂ፣ ይህ ሟች የሚበላውን የሚለይ ከሆነ እንፈትነው» አልኳቸው።

«በምን?»

«በአብሽ።»

ትክ ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ሳቅ አፈናቸው። ከአንዋር መስጊድ ሥር ካሉት የቅመም ሱቆች የተፈጨ አብሽ በፌስታል ገዛሁ። ሰው ለምሳ ሲወጣ እሳቸው በር ይዘው እኔ ከጥጉ አጠገብ ያሉትን የታች ጆንያዎች እየፈታሁ ከጤፉ ጋር አዋሃድኩትና መልሼ ሰፋሁ። አብሽ ሽታውን አይደብቅም፤ የወሰደው ሰው ሱቅ ወይም ወፍጮ ቤት ያጋልጠዋል ብዬ ነው። ሀጂ «ለማንም አትናገር» አሉኝ። ለሴትየዋ እንኳ አልተናገርኩም። ሰፌዷን በጨርቅ ጠቅልላ ሥራ ፈት ተቀምጣ ሳይ ፊቴን አዙሬ ጆንያዬን ተሸከምኩ።

ጆንያዎቹ ጎደሉ። እኔም ሽታ ፍለጋ ሰባተኛ ሰፈር ድረስ ያለ ወፍጮ ቤት ሁሉ እየገባሁ እንደ ውሻ አነፈነፍኩ። ምንም የለም። ሐሙስ ደረሰ። ተስፋ ቆርጬ ምሳዬን ልበላ ተሸካሚ ሁሉ ወደሚበላበት ቤት ገባሁ። ሽሮ ቀረበ። አንድ ጉርሻ እንዳልኩ ከበስተቀኜ ያለው ጓደኛዬ ፊቱን አኮማተረ።

«እትዬ! ዛሬ እንጀራው ምን ሆነ?»

«ምን ሆነ?» አለች የምግብ ቤቱ ባለቤት ከጓዳ።

«አብሽ አብሽ ይላል! አራስ ቤት አደረግሽን እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን ጉርሻዬን እንደያዝኩ ብድግ አልኩ። «እትዬ፣ ጤፉን ከማን ገዛሽው?»

ባለ ምግብ ቤቷ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች፤ እፍረትና ንዴት አንድ ላይ ይዟታል። «ከዚያ ከበርበሬ ነጋዴው ነዋ! ወፍጮ ቤት ሸተተኝ ስለው የቅመም ተራ ሽታ ነው ብሎ አታለለኝ! ሊጡን ሙሉ አበላሸብኝ!»

ያ ሰው ቀኑን ሙሉ በርበሬ ሲምግ የሚውል ነው፤ አፍንጫው ከሞተ ቆይቷል። በርበሬ ነጋዴ ጤፍ ከየት አመጣ ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

ዓርብ ከሶላት በኋላ መንገዱ በሰው ሞልቶ ነበር። ሀጂ ምንጣፋቸውን እንዳነገቱ መጡ። አውጫጭኙ ተቀመጠ። ሴትየዋ የተጠቀለለ ሰፌዷን ታቅፋ ቆማለች። በርበሬ ነጋዴውም አለ፤ «ትማል እንጂ፣ ምን ያስፈራል?» ይላል።

«ከመሐላው በፊት አንድ እንግዳ አለን» አሉ ሀጂ። ባለ ምግብ ቤቷ እንጀራ በፌስታል ይዛ ገባች። እያንዳንዱ ተሸካሚ እየቆረሰ አሸተተ። ሀጂ አብሹን ማን፣ የትኛው ጆንያ ውስጥ እንደጨመረው ተናገሩ።

በርበሬ ነጋዴው «አብሽ የሌለበት ቤት አለ እንዴ?» ብሎ ሊስቅ ሞከረ። አብሮት የሳቀ አልነበረም።

እኔ ዶማ አንስቼ ወደ ጥጉ ሄድኩ። «ተው! ተው!» አሉኝ ከኋላዬ። ጥጉ ላይ ቆምኩ። ምንም አልሆንኩም። በዶማው ጫፍ የቆርቆሮውን ግርጌ ስፈነቅለው ከሥሩ የጣሪያ አሸንዳ ተጋድሞ አገኘሁ፤ ወደ በርበሬው ሱቅ ያዘቀዝቃል። አጠገቡ ጫፉ የሾለ ረጅም ቱቦ አለ። በሱ ጆንያውን ከማዶ ይወጋል፤ ጤፍ እንደ ውሃ ነው፤ በአሸንዳው ይወርድለታል። ለሟቹ የወረወርነውንም በዚያው ጠርጎ ወስዶታል። አጥንት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ቆፍሬ አይቻለሁ።

ሰው ሲዞር በርበሬ ነጋዴው ለመውጣት ተነስቷል። ተሸካሚ በሩን ዘግቶ ቆመ። የጆንያ ክምር ዳገት የለመደ ደረት ነው፤ አይገፋም። ፖሊስ እስኪመጣ አንዱ «ወፊቱ በርበሬ ትሸጥ ኖሯል!» ብሎ ጮኸ። እልልታው በርበሬ ተራ ድረስ ተሰማ።

ሀጂ ወደ ሴትየዋ ሄዱ። ከእሳቸው ዕድሜ ያነሰች ናት፤ ግን ጎንበስ ብለው «አፉ በይን» አሏት።

እሷ ሰፌዷን ከጨርቁ ፈታች፤ ቀጥ ብላ ወደ ጥጉ ሄደች፤ አፈሩን በእግሯ ደልድላ እዚያው ላይ ቁጭ አለች። «በሉ እህል አምጡ፤ ሳምንት ሙሉ ሥራ ፈትቻለሁ» አለች።

መጀመሪያውን ጆንያ ተሸክሜ ያቀረብኩላት እኔ ነኝ። እፍኝ ዘግኜ፣ በልማድ፣ ልወረውር እጄን ሳነሳ ቀና ብላ አየችኝ።

«ለማን ነው?»

መልሼ ሰፌዷ ላይ አፈሰስኩት። መጋዘኑ እስኪፈርስ ድረስ ያ ጥግ የሷ ነበር፤ ልጆቿን ያሳደገችው እዚያ ተቀምጣ ነው። ሞባይል ሻጮቹ ሆይ፣ ደብተራ የለም።