ፊርማ የሚለው ቃልና የእትዬ እንጉዳይ አውራ ጣት

ጋሽ አለምነው ዘንድ ሥራ የጀመርኩት የዘጠነኛ ክፍልን ፈተና በጨረስኩ በሳምንቱ፣ ሰኞ ጧት ነው። ቤቱ ቡሬ መናኸሪያ አጠገብ ያለች አንድ ክፍል ናት። አንድ የአማርኛ ታይፕ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ለባለጉዳይ አግዳሚ ወንበር፣ ካርቦን፣ የጣት ቀለም የሚቀመጥባት ጠፍጣፋ ቆርቆሮ። ዕቃው ይኸው ነው።

“እጅሽን ልየው” አሉኝ። ዘረጋሁላቸው።

“ጥፍርሽን ቆርጠሽ ነይ። ታይፕ ጥፍር አይወድም።”

የመጀመሪያው ትእዛዝ ይህ ነበር። ቆርጬ ተመለስኩ።

ጋሽ አለምነው በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የተማሩ፣ ኋላ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ የነበሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ጸሐፊ፣ እኔ ገልባጭ። ጸሐፊ ባለጉዳዩን አዳምጦ በእጁ ያረቅቃል፤ ገልባጭ ረቂቁን በታይፕ ትመታለች። ገልባጭ ከራሷ አንድ ቃል አትጨምርም። ይህን የምጽፈው ከእኔ በኋላ በዚያች ወንበር ለምትቀመጠው ልጅ ስለሆነ፣ ከአሁኑ ብታውቀው ይሻላታል።

ውል ሁልጊዜ በሦስት ቅጂ ይመታል። አንዱ ለሰጪ፣ አንዱ ለተቀባይ፣ አንዱ ለመሥሪያ ቤት። ከታች ስም፣ ቀን፣ ፊርማ። መጻፍ የማይችል ሰው የግራ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ያትማል፤ ጸሐፊው ከጎኑ “የእገሌ አሻራ” ብሎ በእስክሪብቶ ይጽፍበታል። ሦስት እማኞች ይከተላሉ።

በዚያ ክረምት ፊርማ የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደመታሁት እኔንጃ። አንድ ቀን ግን እየመታሁት ሳለ እንግዳ ሆነብኝ። ሁልጊዜ የምታውቂው ሰው ፊት ድንገት የማታውቂው ሲመስልሽ እንደሚሆነው ዓይነት። እጄን አንስቼ ጠየቅኳቸው።

“ጋሽዬ፣ ፊርማ ግዕዝ ነው?”

“ግዕዝ ቢሆን እኔን ያመልጠኝ ነበር?”

“ታዲያ የማን ነው?”

“የጣሊያን። የድሮ ሰዎች ማኅተም ነበር የሚሉት። ጣሊያን ሲሄድ ቃሉን ጥሎት ሄደ፣ እኛም እንደ ቤታችን ልጅ አረባነው።” ከዚያ ቅኔ ቤት እንደለመዱት ዓይናቸውን ጨፍነው ወረዱት፦ “ፈረመ፣ ይፈርማል፣ ይፈርም፣ ፈራሚ፣ አስፈረመ፣ ተፈራረመ። አሁን ባለቤቱ መጥቶ ቢሰማው ራሱ አያውቀውም።”

እሳቸው በዚያው ወደ ረቂቃቸው ተመለሱ። እኔ ግን አልተመለስኩም። ጣሊያንስ ከማን ወሰደው?

ትምህርት ሲከፈት ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ሽፋኑ የተገነጠለ ትልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አወጣሁ። ፊርማን አላገኘሁትም። ፈርም የሚል ግን አገኘሁ፤ ጠንካራ፣ የማይነቃነቅ ማለት ነው። ከሥሩ በደቃቅ ጽሑፍ ከላቲን እንደመጣ ይናገራል፤ ፊርሙስ፣ ጽኑ። ጣሊያኑም ፊርማውን ያገኘው ከዚያው ነው። የፈረመ ሰው ነገሩን አጸናው ማለት ነው። ንግድ ድርጅትም በእንግሊዝኛ ፈርም ይባላል፤ የሚፈርምበት ስም አለውና። ጀርመን አገር የተማሩት የፊዚክስ መምህራችን ደግሞ “እዚያማ ድርጅቱን ራሱን ፊርማ ነው የሚሉት” አሉኝ።

ከሁሉ ያስገረመኝ ገና ነው። ገጹን ወደ ኋላ ስገልጥ ፋርም፣ እርሻ፣ የሚለውም ከዚያው ሥር ወጣ። ድሮ መሬት በቁርጥ ግብር፣ በጸና ውል ይያዝ ነበርና ውሉ ፊርማ ተባለ፤ ኋላ የውሉ ስም ለመሬቱ ተረፈ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መሆኔን ረስቼ ብቻዬን ሳቅኩ፤ የበሩ ጠባቂ አስወጣኝ።

በቀጥታ ወደ ጋሽ አለምነው ሮጥኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

“እንግዲያው እኔ ዕድሜ ልኬን እርሻና ፊርማ ሳገናኝ የኖርኩት፣ ዘመድ ከዘመድ ሳገናኝ ነው በይኛ።”

በሁለተኛው ክረምት ጸሐፊ ሆንኩ። ቃሉንም ይዤ ሰው አላስቀምጥ ብዬ ነበር።

እትዬ እንጉዳይ የመጡት ያኔ ነው፤ ሐምሌ ተጋምሷል። አምና ባላቸው የሞተባቸው፣ ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ የሚኖሩ ሴት ናቸው። መሬታቸውን የሚያርስላቸው የለም፤ ስለዚህ ጌትነት ለሚባል ጎረቤታቸው በእኩል ሊሰጡት ነው። እሱ ያርሳል፣ ምርቱን እኩል ይካፈላሉ። የባላቸው ወንድም ግን መሬቱን ይፈልገዋል። “ሴትዮዋ መሬቱን ጦም አሳድራለች፣ ለእኔ ይሰጠኝ” ብሎ አቤቱታ አስገብቷል። ጤፍ የሚዘራበት ጊዜ ከማለፉ በፊት ውሉ ካልተመዘገበና መሬቱ ካልተዘራ ያለው ሁሉ እውነት ሊሆንለት ነው።

ጋሽ አለምነው ያን ቀን ለጉዳይ ፍኖተ ሰላም ሄደዋል። ብቻዬን ነበርኩ። አዳመጥኩ፣ አረቀቅኩ፣ መታሁ። ቀለሙን ላቀርብላቸው ቆርቆሮዋን ስከፍት አንድ ሐሳብ መጣልኝ።

“እትዬ፣ ስምዎን ጽፈው ቢፈርሙ አይሻልም?”

“እኔን? መሠረተ ትምህርት ሲሰጥ እኔ ልጅ እወልድ ነበር፣ ማሬ።”

“አምስት ፊደል ነች። አሁን አስተምርዎታለሁ። ፊርማ እኮ ጽኑ ማለት ነው፤ ውልዎ ይጸናል።”

“ይጸናል?” አሉ። ወደ ጌትነት ዞሩ።

“ኧረ ባክሽ ታይፕሽን ምቺ” አለኝ ጌትነት። “በሬዎቼን ለሰው አደራ ብዬ ነው የመጣሁት። ለፊደል አይደለም።”

እትዬ እንጉዳይ ግን እስክሪብቶውን እንደ ማንኪያ ጨብጠውት ነበር። በተበላሹ ወረቀቶች ጀርባ እስከ ምሳ ሰዓት ሞከሩ። በመጨረሻ በሦስቱም ቅጂ ላይ፣ እያንዳንዱ ፊደል የሽምብራ ፍሬ አክሎ፣ ስማቸውን ጻፉ። አጨበጨብኩ። ጌትነትም ወደደም ጠላም ፈገግ አለ።

በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ጃንጥላቸውን ሳያጥፉ በሩ ላይ ቆሙ።

“አንቺ ልጅ፣ ጣቴን ምን ብለሽ ነሳሽኝ?”

የመሬት አስተዳደር ባለሙያው ውሉን አልቀበልም ብሏቸዋል። አምና ባላቸው ሲሞት የመሬት ይዞታ ደብተሩን ሲረከቡ መዝገቡ ላይ ያረፈው አሻራቸው ነው። ውሉ ላይ ያለው ደግሞ የእጅ ጽሑፍ። “መጻፍ እንደማይችሉ መዝገቡ ይናገራል፤ ይህን ማን ጻፈልዎ?” አላቸው። ለካ የባላቸው ወንድምም “በስሟ ሌላ ሰው ይፈርማል” ብሎ አስቀድሞ ከሷል። ማስረጃውን በገዛ እጄ ሠርቼለታለሁ።

ጋሽ አለምነው ሁሉን ሰምተው አልተቆጡኝም። ያ ባሰብኝ።

“አምና በምን እንደፈረሙ ጠይቀሻቸዋል?” አሉኝ።

“አልጠየቅኩም።”

“እንግዲያው ዛሬ አብረሻቸው ትሄጃለሽ።”

ወደ ቀበሌያቸው ጽሕፈት ቤት ሁለት ሰዓት ሙሉ በጭቃ ሄድን፤ ጌትነትም እዚያ ይጠብቀን ነበር። ባለሙያው ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነው። ፊርማውን እንዴት እንዳስተማርኳቸው ነገርኩት። አላመነኝም። ወረቀት ገፋላቸው።

“እስቲ እዚሁ ይጻፉ፣ እናቴ።”

ጻፉ። ፊደሎቹ ወደ ታች ተንሸራተቱ፤ ከውሉ ጋር ጨርሶ አይመሳሰሉም። አንገቱን ነቀነቀ።

“ይኸኛው ከዚያኛው ጋር አይገናኝም።”

“አንተ ልጅ” አሉ እትዬ እንጉዳይ፣ “ከትናንት ወዲያ ከተወለደ እጅ ምን ትጠብቃለህ? ይኸው ጣቴ። እሱ አርጅቷል፣ አይለዋወጥም።”

የግራ አውራ ጣታቸውን ራሳቸው ቀለም ውስጥ ነከሩና በወረቀቱ ላይ ጫኑት። ባለሙያው መዝገቡን ገለጠ። በመዝገቡ ላይ ያለው አሻራ መሀሉ ላይ አግድም ነጭ መስመር አለው። አሁን ያተሙትም ያው መስመር አለው፣ በዚያው ቦታ።

“ይኼ ምንድነው?”

“ማጭድ ነው። ልጅ ሆኜ አጨዳ ላይ።”

ባለሙያው ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ብዙ አየ። ጌትነት በሩ ላይ ሆኖ ሰማዩን ያያል፤ የዘር ቀን የቀረው ጥቂት ነው። ከዚያ ባለሙያው በእኔ ጽሑፍ ላይ ፊርማ የሚለውን ቃል በሦስቱም ቅጂ ሰረዘና “አሻራ” ብሎ ጻፈበት። እትዬ እንጉዳይ ሦስት ጊዜ አተሙ። ማኅተሙ አረፈ።

“ስሜስ?” አሉት ሲነሱ።

“እጅዎ ሲለምድ ይምጡ፤ መዝገቡንም አብረን እንቀይራለን።”

ጤፉ በዚያው ሳምንት ተዘራ። አቤቱታውም መሬቱ ጦም አላደረም ተብሎ ተዘጋ። እትዬ እንጉዳይ ቅዳሜ ገበያ ሲመጡ ጎራ እያሉ በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ስማቸውን ይጽፋሉ። ካለፈው ቅዳሜ ጋር እያስተያየሁ አሳያቸዋለሁ።

ቃሉን አሁንም እወደዋለሁ። መዝገበ ቃላቱ አልዋሸኝም፤ ፊርማ ከጽኑ የመጣ ነው። ለመዝገብ ቤት ጽኑ ማለት ግን ከአምናው ጋር አንድ የሆነ ማለት እንደሆነ መዝገበ ቃላቱ አልጻፈውም።

ስለዚህ አንቺ፣ ወረቀቱን ታይፑ ላይ ከማስገባትሽ በፊት ባለጉዳዩን “ባለፈው በምን ፈረሙ?” ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ ምቺ።