የልጄን ኮድ የሰደበው ሰውዬ ቤት ሽማግሌ ይዤ ሄድኩ

ዛሬ ጠዋት ቁርስ ሳልቀምስ ከሰፈሬ ከዞሰንሃይም ወጣሁ... ካልሲዬ እንኳን አንዱ ጥቁር አንዱ ሰማያዊ። ጋሽ ታደሰንና ደረጀን ባቡር ጣቢያው፣ ባንሆፍ አገኘኋቸው፤ ሁለቱም የቸርች ሱፋቸውን ግጥም አድርገዋል። ብርቱካን ገዛን፣ የከተማው ባቡር፣ ሽትራሰንባኑ ሊያመልጠን ሲል ሮጠን ያዝነው፣ ሳክሰንሃውሰን ወደሚባለው ሰፈር።

ለሽምግልና ነው የምንሄደው። ልጄ ልትዳር እንዳይመስላችሁ... ተሰድባ ነው።

ሶስና ኮምፒውተር ነው የምትማረው። ማንም በነፃ የሚወስደው፣ የቻለ ሁሉ የሚያሻሽለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለ አሉ። እሷ እዚያ ውስጥ አንድ የድሮ ኔትወርክ ፕሮቶኮል ላስገባ ብላ ወራት ሙሉ ስትጽፍ ከረመች። እንደነገረችኝ መልእክቱ ይቆራረጣል፣ ቁራጩ ፓኬት ይባላል፣ እያንዳንዱ በየፊናው ይሄድና መጨረሻ ላይ ይገጣጠማል።

ጨርሳ ላከችው፤ እንዲህ የሚላክ ኮድ «ፓች» ይባላል አሉ። የሚቀበለው ወይ የሚመልሰው አንድ ሰውዬ ነው። ምን ብሎ መለሰ? ዓለም ሁሉ በሚያነበው ኢሜይል ላይ «ይሄ ቆሻሻ ነው። የጻፈው ሰው ሁለተኛ ኪቦርድ ባይነካ ይሻላል።»

ልጄ አንደኛ፣ መብላት አቆመች። ሁለተኛ፣ ትምህርቱን እተዋለሁ አለች። ሦስተኛ፣ ክፍሏን ቆልፋ ተቀመጠች... እንቅልፍ የነሳኝ ይሄኛው ነው።

ሰውዬው እዚሁ ከተማችን ነው የሚኖረው፣ ቤቱን አውቀዋለሁ። አንዴ ያዋሳትን መጽሐፍ ልትመልስለት ስትሄድ ሰግቼ ተከትያት፣ ታች ቆሜ ጠብቄያታለሁ።

ደወልን። ተከፈተ። ወገኖቼ... በሙታንታ! እግሩ ባዶ፣ አፉ ሙሉ፣ የሚያኝከው ነገር ጺሙ ላይ ተንጠልጥሏል። ሱፍ የለበስን ሦስት ሰዎች አየና «አመሰግናለሁ፣ በእግዚአብሔር አላምንም» ብሎ ሊዘጋው!

ደረጀ ደግሞ የመጣንበትን ረስቶ «ለምን አታምንም?» ብሎ ሊጀምር... ጋሽ ታደሰ በክርናቸው ጎሸሙት።

«ስለ ልጃችን ነው የመጣነው» አሉ በዚያ በጠራው ጀርመንኛቸው። «ባደባባይ አዋርደዋታል። በእኛ ባህል ይቅርታ ይጠየቃል።»

ማኘኩን አቆመ። «ስለ ፓቹ ነው?... ቴርሚን አላችሁ?»

ቀጠሮ ማለቱ ነው። «ለሽምግልና ቴርሚን አይያዝም!» አልኩት።

«እኔ የሰደብኩት ኮዱን ነው፣ እሷን አይደለም።»

«'የጻፈው ሰው' ያልከው ኮዱን ነው?»

«እኛ እንደዚህ ነው የምንጻጻፈው» አለና ቅባት የነካው ጣቱን ሆዱ ላይ ጠረገ። «መስመሩ ከተዘጋ በኋላ ዘግይቶ የሚደርስ ፓኬት አለ። እሱ ሲመጣ ማሽኑ በሙሉ ይሞታል። እሷ ያንን አላሰበችበትም። ታስተካክልና ትላከው።»

ብርቱካኑን ተቀበለና በሩን ዘጋው። ግቡ የለ፣ ተቀመጡ የለ፣ ይቅርታ የለ... ብርቱካኑን ግን ወሰደ!

ደረጃውን ስንወርድ ጋሽ ታደሰ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ሰውዬው እኮ ስህተቷን በደንብ አስረዳን።» የገዛ ሽማግሌዬ!

ቤት ደርሼ በተቆለፈው በር ነገርኳት። «ፓፓ! ዱ ቫርስት ቮ?» ብላ ጮኸች፤ የት ነበርክ ማለቷ ነው። ስትደነግጥ ጀርመንኛው ነው የሚቀድማት።

«ቤቱ ሄጄ ነበር... ዘግይቶ የሚደርሰው ፓኬት ማሽኑን ይገድለዋል አለ።»

ቆይቶ የኪቦርድ ድምፅ ሰማሁ... ብዙ ቆይቶ በሩ ተከፈተ። «የሚበላ አለ?» አለችኝ። አምላኬን አመሰገንኩ፣ ሰውዬውን ግን አይደለም።

ማምሻውን መለሰላት። አሁንም ዓለም ሁሉ በሚያነበው ላይ «አሁን ይሠራል፣ ተቀብያለሁ። ለወደፊቱ ግን በፓች ጉዳይ ቤቴ ሽማግሌ አይላክ።» ሶስና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔን ምኑም አላሳቀኝም። ሰው ልጅ አዋርዶ «እኛ እንደዚህ ነው የምንጻጻፈው» ይላል? ቀፋፊ!

ኮዱ ገብቷል፣ ልጄም በልታለች። የይቅርታው ዕዳ ግን እስካሁን አልተከፈለም።