አማቼ ከኩሬ ያጠለሉልኝ መድኃኒት

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ በበጋው መጨረሻ፣ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሳለሁ ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልጠፋው ስላስደነገጠኝ ብቻ አይደለም። ሊጎዳኝ የነበረው ነገር የመጣው አብልጠው ከሚወዱኝ ሰው እጅ ስለሆነ ነው።

ወላጆቼ ከወሎ መጥተው ወለጋ የሰፈሩ ናቸው። እኔ ነቀምቴ ጨርቅ እሸጣለሁ። ባለቤቴ ነቀምቴ አጠገብ ያለችው የዲጋ ልጅ ነው። አባቱን ኦቦ ጉደታን ዲጋ ውስጥ የማያውቃቸው የለም፤ የሚታወቁትም በምርቃታቸው ርዝመት ነው። እሳቸው የመረቁት ምግብ ትኩሱን ተበልቶ አያውቅም። ገና እጃቸውን ሲዘረጉ ልጆቻቸው ይጠቃቀሳሉ።

በእርግዝናዬ ወቅት ደም ያንሰኝ ነበር። ባለቤቴ ይጠቅማታል ሲሉት ሰምቶ ስፒሩሊና የሚባል አረንጓዴ ዱቄት ከአዲስ አበባ አስመጣልኝ። አማቼ ኦቦ ጉደታ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ዕቃውን አገላብጠው አዩና ምን እንደሆነ ጠየቁ። ባለቤቴ ነገር ለማሳጠር ብሎ «ውሃ ላይ የሚበቅል አረንጓዴ ነገር ነው አባ። ተሰብስቦ፣ ደርቆ ይፈጫል» አላቸው።

አማቼ ዕቃውን አሽትተው መለሱት። ሲሰናበቱን ፊታቸው በርቶ ነበር። ያኔ መጠርጠር ነበረብን።

ብዙም ሳይቆይ ዲጋ ጠሩን። ገና ከመድረሳችን «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አዲስ አበባ ድረስ ምን አስላካችሁ? የኛ ኩሬ ሞልቶ የለም እንዴ!»

ኩሬው ከበቆሎው ማሳ ሥር ያለ፣ ከብቶቹ የሚጠጡበት ነው። ዝናብ ከራቀ ወዲህ ውሃው ጎድሎ፣ ሞቆ፣ ላዩ አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት ይመስል ነበር። አማቼ እሱን ሰብስበው፣ አጥልለው፣ ላስቲክ ላይ አስጥተው ፈጭተውታል።

«ያጠለለው እኮ በኔ ነጠላ ነው! ቤተ ክርስቲያን በምለብሰው!» አሉ አማቴ አዴ ጫልቱ። ሰሚ ግን አላገኙም።

አማቼ ዱቄቱን በማር በጥብጠው በኩባያ ሰጡኝ። ማሩ ሽታውን አልሸፈነውም። እሳቸው ራሳቸው አልቀመሱትም፤ «ይህ የነፍሰ ጡር ነው፣ ሽማግሌ አይሻማም» አሉ።

በኛ ዘንድ ምራት አማቿ መርቀው የሰጧትን አልጠጣም አትልም። ባለቤቴን ባየው እሱም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ለልጄ ፈራሁ። ግን አፍ አውጥቼ እምቢ ማለት አቃተኝ። ምርቃቱ ሲያልቅ ጠጥቼ ልገላገል ወሰንኩ።

ምርቃቱ ተጀመረ። ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ። አማቼ ጽንሱን መረቁ። የጽንሱን ልጆች መረቁ። ቀጥለው የልጅ ልጆቹን ከብቶች ያዙ። እኛም «ሃ ታኡ»፣ ይሁን ይሁን እንላለን። ባለቤቴ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል በክርኑ ጎሰመኝ። እኔ ግን ሐሳቤን ለውጬ፣ ዓይኔን ገልጬ ኩባያውን የምደፋበት ቦታ እፈልግ ነበር።

ለዚህ ነው አውራ ዶሮውን ቀድሜ ያየሁት። ስንደርስ ከላስቲኩ ላይ ትርፍራፊውን ሲለቅም ነበር። አሁን በበሩ ሲገባ ጠላ ቤት እንዳመሸ ሰው ይንገዳገዳል። አንገቱ ዞረ፤ ሄዶ አማቼ እግር ሥር ወደቀ። ተንፈራገጠና ጸጥ አለ።

አማቼ ምርቃታቸውን አቋረጡ። እንዲህ ሲያደርጉ ያየ ሰው አልነበረም። ዶሮውን አዩ፣ ኩባያውን አዩ፣ ከዚያ እኔን። ኩባያውን ከእጄ ነጥቀው ወደ ውጭ ወረወሩት። «ዋቀዮ! በገዛ እጄ!» አሉና ቁጭ አሉ።

የእንስሳት ሐኪም የሆነ ጎረቤት ተጠርቶ መጣ። ስፒሩሊናውም የኩሬው አረንጓዴም ሳይኖባክቴሪያ የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ፍጥረታት እንደሆኑ ነገረን። «ግን ዘመድ ሁሉ አንድ ጠባይ የለውም» አለ። ስፒሩሊና ተመርጦ በንጹሕ ውሃ የሚረባ ነው። ኩሬው ላይ ያለው ደግሞ ከማሳው ማዳበሪያ፣ ከበረቱ ፍግ ታጥቦ ሲገባለትና ውሃው ሲሞቅ ይራባል። ከዚህ ዓይነቱ ውስጥ ጉበትን ወይም ነርቭን የሚጎዳ መርዝ ያለው አለ፤ ማድረቅም ማፍላትም አያጠፋውም። ሳይመረመር እርግጡን መናገር እንደማይችል ነግሮን፣ የዶሮውን ምስክርነት ግን እንድንቀበል መከረን። ኩሬው በዚያው ቀን በእሾህ ታጠረ።

«ምርቃቱን አሳጥር እያልኩ ስጨቀጭቀው ኖሬ!» አሉ አዴ ጫልቱ። ነጠላቸውን ረስተውት ነበር።

ልጄ በሰላም ተወለደች። የአራስ ገንፎ ቀረበና አማቼ ሊመርቁ ተነሡ። ረዘመ፤ ማንም አልተጠቃቀሰም። ሲጨርሱ እኔን ያጎርሱኛል ስል አንድ ማንኪያ አንሥተው ራሳቸው ዋጡ። ሰው ሁሉ ግራ ገባው። እሳቸው ግን እስከ በሩ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ እግራቸውን ጎንበስ ብለው አዩ። እንደማይንገዳገዱ ሲያረጋግጡ «አሁን ብዪ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ።

ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጣ። ገንፎው ቅቤው ረግቶ ቀዝቅዞ ነበር። እንደዚያ ቀን ገንፎ ግን ጣፍጦኝ አያውቅም።