ሦስት ሚስኮል

ባለፈው አርብ ከቀትር በኋላ ጅማ፣ ሆስፒታል በር ላይ ቆሜ በሚገባው አምቡላንስ ሁሉ ውስጥ ልጄን ስፈልግ ነበር። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልንገራችሁ።

ልጄ ሕይወት የምትኖረው ሊሙ ገነት ነው፤ ባሏ ታምሩ እዚያ መምህር ነው። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። እናቷ ልታርሳት ቀድማ ሄዳለች። እኔ ሥራ ይዞኝ ጅማ ቀረሁ።

እነሱ ሰፈር ያለው ኔትወርክ ጥሪ ያሳልፋል፣ ድምፅ አያሳልፍም። ስለዚህ ከታምሩ ጋር ደንብ አወጣን። አንድ ሚስኮል ከሆነ በሰላም ተገላግላለች ማለት ነው። ሁለት ከሆነ ግን ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ሆኖ በአምቡላንስ ወደ ጅማ እየመጣች ነው፤ ሆስፒታል በር ሄጄ እጠብቃለሁ። የራሱ ስልክ እምቢ ካለው ከጎረቤትም ከመንገደኛም ተውሶ ይደውላል። ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠሁት። እኔ ነገር በደፈናው አልወድም።

ታዲያ ሐሙስ ማታ ስልኬ ባልዲ ውስጥ ገብቶ ሞተ። የተመዘገበ ቁጥር ሁሉ አብሮት ጠፋ። የአክስቴ ልጅ ከውጭ ያመጣልኝ፣ ከመሳቢያ ያልወጣ ስልክ ነበረኝና ሲሜን አውጥቼ እሱ ውስጥ ከተትኩ። «ይህ ሲም አይፈቀድም፤ ኮድ ያስገቡ» የሚል ጽሑፍ መጣ። የምን ኮድ?

አርብ ጠዋት ጀማል ዘንድ ሮጥኩ። ጀማል እዚሁ ጅማ መርካቶ ውስጥ ስልክ የሚጠግን ልጅ እግር ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ስልክ ታስሮ ነው የመጣው» አለኝ ገልበጥ አድርጎ እያየው።

«ማን አሰረው?»

«የሸጠው ኩባንያ ነዋ። ከራሱ ኔትወርክ ሌላ እንዳይሠራ ቆልፎታል። የኛን ሲም አያውቀውም።»

«ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የገዛውን ዕቃ? ቁልፉን እነሱ ይዘው?»

«ራኮ ሂንቀቡ ጋሼ፣ ምንም ችግር የለም፤ እፈታዋለሁ። ለጁምዓ ሳልወጣ ይደርሳል ኢንሻአላህ።»

«ስማኝ፣ ዛሬ ልጄ ምጥ ላይ ልትሆን ትችላለች። ሳትሞክረው እንዳታስረክበኝ። አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ ሞክረው።»

«እሺ ጋሼ፣ ወላሂ!»

ቁጥሬን በትልቁ ጽፌለት ወደ ቢሮ ሄድኩ። እዚያ ግን አንድ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አንብቤ ምን እንደሚል አላውቅም... 

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ስመለስ ሱቁ ተዘግቷል። ጎኑ ያለችው ልብስ ሰፊ ከመኪናዋ ቀና አለች።

«ጀማል ለሰላት ወጥቷል። ይኸው ስልክዎ፤ አልቋል ብሎኛል።»

ተቀብዬ ከፈትኩት። ሁለት ሚስኮል። ሁለቱም ከማላውቀው ከአንድ ቁጥር።

እዚያው ቆሜ መልሼ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደገምኩ፤ ዝግ ነው። ታምሩ ከመንገደኛ ተውሶ ደውሎ አምቡላንሱ ውስጥ ገብቷል ብዬ ደመደምኩ። ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁና ሆስፒታል በር ላይ ተገተርኩ።

አንድ አምቡላንስ መጣ፤ ከየቡ ከተማ ነው። ሌላ መጣ፤ ከሰቃ። በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገቴን አስግጌ አያለሁ። ዘበኛው ሰለቸው።

«አባቴ፣ ከመንገዱ ዞር ይበሉ። የርስዎ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከሊሙ ገነት።»

«ስንት ሰዓት ተነሱ?»

ይህን የማውቅ መስሎት ነው...

ስምንት ሰዓት ላይ ኪሴ ውስጥ ስልኩ አንድ ጊዜ ጮኸና ጸጥ አለ። ሌላ የማላውቀው ቁጥር። መልሼ ብደውል ተነሳ፤ ግን ከሽውታ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። «ታምሩ! ሕይወት እንዴት ናት?» ብዬ ጮኽኩ። ተቋረጠ።

ሦስት ሆነ። ለሦስት ደንብ የለንም።

አንድ ሰው ከሁለት አልፎ ሦስተኛ የሚደውለው መቼ ነው? መኪናው ሲሰበር? ወይስ «ከእንግዲህ አትጠብቅ» ለማለት? እዚህ ላይ ያሰብኩትን አልጽፈውም። ሕይወት ሕፃን ሳለች ትኩሳት ይዟት ያቀፍኳት ሌሊት ብቻ ነው እንደዚያ የፈራሁት።

ዘጠኝ ሰዓት። ከሊሙ የመጣ የለም። ዘበኛው ራሱ አዝኖልኝ ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝ።

ያኔ ስልኩ ጮኸ፤ አሁን ግን አያቆምም። ያ ሁለቴ የደወለው ቁጥር ነው። ቁጥሩን አፍጥጬ አያለሁ። ዘበኛው «ያንሱት እንጂ!» ብሎ ተቆጣኝ።

«ጋሼ! ጀማል ነኝ። ለሰላት ስልኬን ዘግቼ መክፈቱን ረሳሁት። ሲደውሉልኝ እንደነበር መልእክት ገባልኝ። ስልኩ እምቢ አለ እንዴ?»

«...ይህ ቁጥር ያንተ ነው?»

«የኔ ነዋ! ሁለቴ የሞከርኩልዎ በሱ ነው።»

«አንተ ሰው ገዳይ! ልጄን እኮ ቀብሬ ልጨርስ ነበር!»

«ኧረ ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ? ሁለቴ ሞክር ያሉኝ እርስዎ!»

ስድቡ አፌ ውስጥ እያለ አንድ ነገር በራልኝ። ሁለቱ የጀማል ከሆኑ... የታምሩ አንድ ብቻ ነው። አንድ!

ስልኩን እንደያዝኩ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ዘበኛው ደንግጦ ትከሻዬን ያዘኝ።

«አይዞዎት አባቴ... ምን ሰሙ?»

«ልጄ በሰላም ተገላገለች።»

«እሰይ! እንኳን ማርያም ማረችልዎ! ምን ወለደች?»

ያን ያህል ስጠነቀቅ፣ ለወንድና ለሴት ምልክት ማውጣት ረስቻለሁ።