ማን አረዳቸው?

በዚህ በጀርመን አገር ብዙ ተጠይቄአለሁ። የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮ ጠይቆኛል፣ ሐኪም ጠይቆኛል፣ የማያገባቸውም ሰዎች ጠይቀውኛል። የሚበቃቸውን ያህል መልሼ ሌላውን ለራሴ አስቀርቻለሁ። ከሁሉም ያልረሳሁት በባሌ ሙት ዓመት ዕለት፣ በተከራየነው አዳራሽ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከድስቴ አጠገብ ቆመው የጠየቁኝን ነው፦ «ማን አረዳቸው?»

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ቬስትኤንድ በሚባለው ሰፈር ባለው የተማሪዎች ምግብ ቤት ሠርቻለሁ። በየሳምንቱ ዶሮ በካርቶን ይመጣል። ራስ የለው፣ እግር የለው፣ ላባ የለው፤ አንዱ ከሌላው አይለይም። የተማሩ ልጆች ተሰልፈው ይበሉታል። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ሰው ማን አረደው ብሎ ሲጠይቅ አልሰማሁም። የእኛም ሰዎች ከሱፐርማርኬት የቀዘቀዘ እግር በከረጢት ገዝተው ለበዓል ሲሠሩ አይጠይቁም። ጥያቄው የሚመጣው ዶሮዋ የት እንዳደገች የሚያውቅ ሰው ሲገኝ ብቻ ነው።

የምንኖረው ሪደርቫልድ ነው። ሰፈሩ ድሮ ለሠራተኞች የተሠራ ስለሆነ ከቤቶቹ ጀርባ ጠባብ ጓሮ አለ። ባሌ ልጃችን ስምንት ዓመቷ ሳለ አምስት ዶሮ ከገበሬ ገዝቶ መጣ። አከራዮቻችን በደብዳቤ ፈቀዱ፤ አውራ ግን ክልክል ነው አሉ፣ ጩኸቱ ሰው ይቀሰቅሳል። ያን ጊዜ የጀመረ ነው የሰው ወሬ። «ያለ አውራ እንዴት ይጥላሉ?» ያሉኝ ስንት ናቸው! አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ፣ ዶክተር የሆኑ ሰዎች ጭምር። ሌላዋ ደግሞ አስኳሉ ብርቱካን መስሎ ስታየው፣ «ምን ቀለም ነው የምታበሏቸው?» አለችኝ። ሣርና ቀንድ አውጣ ይበላሉ ብላት ሹካዋን አስቀመጠች።

እኔና ባሌም ብንሆን ብዙ አናውቅም ነበር። አዋቂዋ የአጥር ጎረቤታችን ነበሩ። እዚያው ሪደርቫልድ የተወለዱ ጀርመናዊት ናቸው፤ ከጦርነቱ በኋላ በልጅነታቸው በዚያው ጓሮ ጥንቸልና ዶሮ ሲያረቡ ያደጉ። በጀርመንኛ አንቺ እንባባላለን። በአማርኛ ሳስባቸው ግን እሳቸው ናቸው፣ በዕድሜ እናቴ ሊሆኑ ይችላሉ።

ያስተዋወቀን ሁዳዴ ነው። ዶሮ ክረምቱን ሰንፋ ከርማ ቀኑ ሲረዝም እንቁላሏን ማዝነብ ትጀምራለች፤ እኛ ደግሞ ልክ በዚያው ሰሞን ጾም እንገባለን። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ እንቁላል እየለቀሙ አለመብላት! ባሌ በየማለዳው ሰብስቦ በአጥሩ ላይ ያቀብላቸዋል። ጎረቤቴ በመጀመሪያው ዓመት በጣም ተጨነቁ። «ዶሮዎቹ ታመሙ እንዴ? እንቁላላቸውን ለምን አትበሉም?» አሉኝ። ጾም ነው አልኳቸው። በማግሥቱ የድንች ከረጢት አመጡ። «ድንች ይፈቀዳል?» ብለው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ጾም ስንገባ ድንቹ ሳይጠየቅ ይመጣል። ምስጋናዬን በወቅቱ አልነገርኳቸውም። ማመስገን አይቀናኝም፤ እዚህ ላይ ልጻፈው።

ለአገራችን ሰዎች ማኅበር ሴቶችም እንቁላል እሰጥ ነበር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ በዕድሜ እኩያዬ የሆነችው፣ አንድ ጊዜ አሥር እንቁላል ወስዳ ለወሩ ስብሰባ ስትመጣ፣ «እህቴ፣ ኩስ ነበረባቸው እኮ! ልጆቼ ተጸየፉና ጣልኳቸው» አለችኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «እንቁላል በየት በኩል የሚወጣ ይመስልሻል?» ልላት ነበር። ዋጥኩት። ብዙ ነገር ውጫለሁ በዚህች ሴት ፊት።

አሁን ወደ እርዱ ልምጣ። ባሌ በአገሩ አንድም ዶሮ አርዶ አያውቅም፤ በአባቱ ቤት ለዚህ ዘበኛ ነበር። ያስተማሩን ጎረቤቴ ናቸው፣ ሁለታችንንም፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሽርጣቸውን አስረው መጥተው። መጀመሪያ በዱላ ራሷን መትቶ ማደንዘዝ፣ ከዚያ ወዲያው ማረድ። ሕጉም እንደዚያ ነው፣ ለዶሮዋም እንደዚያ ይሻላል አሉን። ባሌ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ በስመ አብ ብሎ አረደ። ጎረቤቴ ምን እንዳለ ጠየቁኝና ተረጎምኩላቸው። «ጥሩ ነው» አሉ። «እናቴ ይቅርታ ነበር የምትጠይቃቸው።»

በዚያው የመጀመሪያ ዓመት አንድ ጥፋት ሠርተናል። ልጃችን ለአንዷ ዶሮ ስም አውጥታ በክንዷ አቅፋት ትዞር ነበር። ለፋሲካ ያቺን አረድን፤ ለልጅቷ ግን «ያንቺዋ አይደለችም፣ ያንቺዋን ለገበሬው መለስናት» አልናት። በላች። ላባውን ከቆሻሻው ገንዳ ያገኘችው በሁለተኛው ቀን ነው፤ ቡናማና ነጭ፣ የማይሳት ላባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥጋ ቀምሳ አታውቅም። ሰው ሁሉ የጀርመን ትምህርት ቤት አበላሻት ይላል። ሥጋ አልነበረም ያስጠላት። የዋሸናት እኛ ነን፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ሌላም ያልተናገርኩት አለ። ባሌ ከመሞቱ ስድስት ዓመት በፊት እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ቀን ቢላዋው ከእጁ ወደቀ። ዶሮዋ ደንዝዛ ተኝታለች፣ መዘግየት አይቻልም። አንስቼ አረድኩ። እሱ ቆሞ በስመ አብ አለ። ስንገባ፣ «ለሰው አትንገሪ» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አውቃለሁ። በእኛ ዘንድ ሴት ያረደችው አይበላም። ከዚያ በኋላ በየበዓሉ እሱ ይጸልያል፣ እኔ አርዳለሁ፤ ሰው ሲመጣ «ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፣ እንዴት ያለ እርድ ነው» ይባላል፣ እሱ አንገቱን ይደፋል። ሊቀ መንበሯ በስድስቱም ፋሲካ ቤቴ መጥታ በልታለች። አጥንት ትግጥ ነበር።

ባሌ የሞተው በመከር ነው። ሙት ዓመቱ ሲደርስ ጾም የሌለበት ቅዳሜ መረጥን። ሐሳቤ አንድ ነበር፦ እሱ ያሳደጋቸው፣ መጣል ያቆሙት አራት ዶሮዎች በመታሰቢያው ማዕድ ላይ እንዲበሉ። ማንንም አላማከርኩም። ጎረቤቴ ሰማንያ አልፏቸው ነበር፤ ቢሆንም መጥተው የዶሮዎቹን እግር ያዙልኝ። በስመ አቡን እኔው አልኩ። ገነጠልኩ፣ በሎሚና በጨው ደጋግሜ አጠብኩ፣ ሽንኩርቱን ከዋዜማው ጀምሬ አቁላላሁ። ለሰው ሁሉ አንዳንድ እንዲደርስ ከቀሩት ዶሮዎቻችን እንቁላል ቀቀልኩ።

በአዳራሹ ወጥ ቤት ድስቴን ሳስቀምጥ ሊቀ መንበሯ ክዳኑን ከፈተች፣ አሸተተች፣ ደስ አላት። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

«ቆይ፣ ማን አረዳቸው?»

«እኔ።»

«አንቺ?» ሴቶቹ ሽንኩርት መክተፋቸውን አቆሙ። «ምነው እህቴ፣ ወንድ ጠፋ?»

«አዎ፣ ጠፋ። ዓመቱ ነው ዛሬ።»

አንዷ በዝግታ፣ «የዚህ አገር ሰዎች ደግሞ መትተው ነው የሚያርዱት አሉ፣ ተመትታ የሞተች…» ብላ ተወችው። የሱፐርማርኬቱም ተመትቶ ነው፣ በኤሌክትሪክ፣ ደግሞም በማሽን የታረደ ነው ልላቸው እችል ነበር። ሊቀ መንበሯ ክዳኑን መለሰችና ሁለት ልጆች የቀዘቀዘ ዶሮ እንዲገዙ ላከች። ለጸሎቱ የመጡት ቄስ፣ አባ፣ በበሩ ሲያልፉ አዩኝ፤ ድስቱንም አዩ። አንድ ቃል ቢሉ ይበቃ ነበር። አላሉም። ሰው ሳይበዛባቸው አይቀርም፣ ቸኩለው ይሆናል። እስከ ዛሬ ምክንያት እፈልግላቸዋለሁ።

መልሱ በአፌ ላይ ነበር። ስድስት ፋሲካ ከእጄ በልታችኋል! ይህን ብዬ ሁሉንም ዝም ማሰኘት እችል ነበር። ግን የባሌ ፎቶግራፍ በአዳራሹ ጠረጴዛ ላይ፣ ጧፍ በርቶለት ቆሟል። ለሰው አትንገሪ ብሎኛል። የሱን ክብር ለድስት ብዬ በገዛ መታሰቢያው ላይ አላዋርድም አልኩና ዝም አልኩ። የእሱ ዶሮዎች በጥግ ቀሩ። የሰው ዶሮ ተበላ። ነፍስ ይማር ተባለ።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ድስቱን ጭና ወደ ቤት ወሰደችኝ። ቤት ስንገባ ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል አዩንና ድስቱ ሙሉ መሆኑን ከአያያዛችን አወቁ። ሳይጠሩ ገቡ። እንጀራ አይወዱም፤ የራሳቸውን ዳቦ ይዘው መጡ። ዓይናቸው እያነባ፣ አፍንጫቸውን እየጠረጉ ሁለት ጊዜ ወሰዱ። «ያቃጥላል» አሉ፣ «ግን ይህቺ ዶሮ በደንብ የኖረች ናት፣ ይታወቃል።»

ልጄ ቆማ ታየኛለች። ከዚያ በጀርመንኛ ጠየቀችኝ፤ ሁልጊዜ በጀርመንኛ ነው የምትመልስልኝ። «ማማ፣ ማን ነው ያረዳቸው?»

ያው ጥያቄ። ግን እሷ የጠየቀችኝ ለመብላት ወይም ላለመብላት አልነበረም። አንድ ጊዜ ዋሽተናታል። ሁሉንም ነገርኳት፦ የአባቷን እጅ፣ የወደቀውን ቢላዋ፣ ስድስቱን ዓመት፣ አትንገሪ ያለኝን። በድስቱ ውስጥ የየትኛዋ ዶሮ ሥጋ የቱ እንደሆነም ነገርኳት። ጎረቤቴ ዳቦአቸውን ይዘው አዳመጡ፤ እሳቸውማ ድሮም ያውቁ ነበር፣ በአጥሩ ላይ ስንት ጊዜ አይተውን።

«ፓፓ በእጁ ነው ያፈረው» አለች ልጄ። «ባንቺ አላፈረም። አሁን እጁ አይንቀጠቀጥም፣ ማማ። ተናገሪ።»

ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ከድስቱ አንድ እንቁላል በማንኪያ አወጣች፣ ሥጋውን ሳትነካ ከነመረቁ በላችው። ለሃያ ሦስት ዓመት ከኔ ዶሮ ወጥ አፏ አልገባም ነበር። ሌላ እንቁላል ጨመርኩላት። እግዚአብሔር ይስጣት። ያን ቀን ከሰው ሁሉ ተቀይሜ ነው የገባሁት፤ ከጠረጴዛዬ ስነሣ ግን ሁለት ሰው በልቶልኝ ነበር፣ ባሌም ዶሮዎቹ ተበልተውለት ነበር።

በሁለተኛው ዓመት አዳራሽ አልተከራየሁም። በቤቴ አደረግሁት። አሁንም ከጓሮዬ አረድኩ፤ ልጄ ሣሎኑን አዘጋጀች፣ ጎረቤቴ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጡ። ሰው ሲመጣ ካፖርቱን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሜ ነገርኩት፦ «ዶሮዎቹን ያረድኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ እጁ ከታመመ ጀምሮም ያረድኩት እኔ ነበርኩ፣ እሱ ይጸልይ ነበር። ለሚጸየፍ ሽሮ አለ።» ሁለት ሰዎች ሰበብ ፈልገው ተመለሱ። አባ ሰምተው ትንሽ ጎንበስ አሉ፣ ባረኩኝና ገቡ። ባለፈው ዓመት ቢሆን ብዬ አሰብኩ፤ ቢሆንም ተቀበልኩ።

ሊቀ መንበሯ ዘግይታ መጣች። በሩ ላይ ነገርኳት። አንድ እጇ ከካፖርቷ እጅጌ ወጥቶ፣ ሌላው እንደገባ ቆመች።

«ከታመመ ጀምሮ ማለት… ፋሲካውንም?»

«ፋሲካውንም።»

«ያን የመጨረሻውን? ወደ ምሥራቅ ቆሞ ነው ያረደው ያልሽንን?»

«ቆሞ ነበር። ያረድኩት ግን እኔ ነኝ።»

ጣሪያውን አየች። በልቧ ስትቆጥር ይታየኛል፤ ስንት ፋሲካ፣ ስንት ፈረሰኛ፣ ስንት አጥንት። ደረጃው ላይ ከኋላዋ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ከውስጥ የወጡ ሽታ ይመጣል። ትመለሳለች ብዬ በሩን ጠበብ አድርጌ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር እንድትመለስም ፈልጌ ነበር።

«እንግዲህ» አለች በመጨረሻ፣ ሁለተኛውን እጇን እያወጣች፣ «የተበላው ተበልቷል።»

ካፖርቷን ተቀበልኳት። ወፍራም ነው፣ ከባድ። ከሰው ሁሉ ካፖርት በላይ ሰቀልኩት፣ ከገባችም በኋላ ወጡን ከሌሎቹ ቀድሜ ለእሷ አወጣሁ።